ከፍታው ሲጨምር ልኬቱ የት ቀረ? የሰስፔንሽን ለውጥ በደብረ ብርሃንና በጣርማበር መንገድ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከከተማዋ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ተሽከርካሪ በመጀመሪያ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ጣርማበር ይወጣል። በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራውን ዋሻ ካለፈ በኋላም በደብረ ሲና በኩል አድርጎ፣ ከፍታዋ 1300 ሜትር ወደማይሞላው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። በዚህ ጉዞ ጎማውን ከመንገዱ ጋር የሚያገናኘው ሰስፔንሽን የምቾት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ መሪውም ፍሬኑም የሚታመኑት በእርሱ ልክ ነው። ይህን ሥርዓት ሳይለኩ መለወጥ ግን በኢትዮጵያ ጋራዦች የተለመደ ሥራ ሆኗል።

ይህ ጽሑፍ መኪናን ከፍ ማድረግ በራሱ ጥፋት ነው ብሎ አይሞግትም። የሚሞግተው ከለውጡ በፊትም ሆነ በኋላ ምንም ተለክቶ አለመመዝገቡን ነው። ክፍተቱን ለመሙላት ቅርብ የሆኑትም የምህንድስና የድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች ናቸው ይላል።

የባለቤቱ ምክንያት

በሌላው ዓለም ስለ ሰስፔንሽን ማሻሻያ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው የስፖርት መኪና ነው። ባለቤቱ መኪናውን ወደ መሬት ዝቅ ለማድረግ ኮይልኦቨር የሚባለውን፣ ሞላውና አሞርዛተሩ በአንድ አካል የተጣመሩበትን፣ ከፍታውም በጥርስ በተሠራ ቀለበት የሚስተካከለውን ዕቃ ገዝቶ ያስገጥማል። በኢትዮጵያ አቅጣጫው ተቃራኒ ነው። እዚህ የሚለወጠው በአብዛኛው እንደ ቪትዝ ያለ ትንሽ የቤት መኪና ሲሆን፣ የሚፈለገውም ከመሬት ከፍ እንዲል ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለጃፓን ከተሞች ለስላሳ ጎዳና የተሠራ መኪና በኮብልስቶን፣ ዝናብ በቦረቦረው የሰፈር መንገድና ያለ መለኪያ በተሠራ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሆዱን ይፋቃል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተደረገ ወዲህ ደግሞ አዲስ ስጋት ተጨምሯል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚቀመጠው ከወለሉ ሥር በመሆኑ፣ ባለቤቱ ከመኪናው ሁሉ ውዱን ክፍል ድንጋይ እንዳይመታበት ይፈራል። ስለዚህ «አታስነሣ» የሚል ምክር ብቻውን ሰሚ አያገኝም፤ ሊያገኝም አይገባም።

ችግሩ ያለው ከፍ በሚደረግበት መንገድ ላይ ነው። አንዱ መንገድ በአሞርዛተሩ ራስና በሻንሲው መካከል ስፔሰር ማስገባት ነው። ሁለተኛው በሞላው ቀለበቶች መካከል ወፍራም ላስቲክ መወተፍ ነው። ከኋላ ባሌስትራ ባላቸው የሕዝብ ማመላለሻዎች ላይ ደግሞ ተጨማሪ ቅጠል ይደረብባቸዋል። በሦስቱም መንገዶች መኪናው ከፍ ይላል፤ ባለቤቱም ረክቶ ይሄዳል። ሌላ ምን እንደተለወጠ ግን የሚጠይቅ የለም።

ከኮይልኦቨር የሚወሰደው ትምህርት

ኮይልኦቨር ለኢትዮጵያ መንገድ ሁነኛ መፍትሔ ላይሆን ይችላል። የሚገጠምበት ሥርዓት ግን ለማንኛውም ጋራዥ ትምህርት ይሆናል። በአግባቡ የሚሠራ መካኒክ አሮጌውን ዕቃ ከመፍታቱ በፊት ከእያንዳንዱ ጎማ እምብርት እስከ መከለያው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ማዕዘን ለክቶ ይጽፋል። አዲሱን ከገጠመ በኋላ የመያዣ ክንዶቹን ቡሎን የሚያጠብቀው መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳይሆን በጎማው ቆሞ ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒ የሚባሉት የጎማ መያዣዎች ገና ሳይነዳ ተጠማዘው ይቀራሉ፤ ዕድሜያቸውም ያጥራል።

ከዚያ መኪናው ጥቂት ተነድቶ ሞላው ቦታውን እንዲይዝ ይደረጋል፣ ከፍታው እንደገና ይለካል፣ ቀለበቶቹ ይቆለፋሉ፣ በመጨረሻም አላይመንት ይሠራል። የአሞርዛተሩ ጥንካሬ የሚስተካከል ከሆነ ከለስላሳው ጫፍ ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይጨመራል፤ ስንተኛው ደረጃ ላይ እንደቆመም ይመዘገባል። ሥራው በሙሉ ከለውጡ በፊት ምን ነበር፣ ከለውጡ በኋላስ ምን ሆነ የሚለውን ሲመልስ የሚሄድ ነው። በጀርመን አገር ደግሞ ጉዳዩ ከጋራዡ አልፎ ይሄዳል። የተለወጠ ሰስፔንሽን ተገቢው ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል፤ እንደ ዕቃው ዓይነትም ቲዩቭን በመሰለ ተቋም ባለሙያ ታይቶ በመኪናው ሰነድ ላይ ይሰፍራል።

አምስት ሳንቲ ሜትር የሚለውጠው

ያለ ልኬት የሚጨመረው ከፍታ ምን እንደሚያስከትል በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ክብደቱ 1000 ኪሎ ግራም፣ በግራና ቀኝ ጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋት 1.45 ሜትር፣ የስበት ማዕከሉ ከፍታ 0.55 ሜትር የሆነ መኪና በምሳሌነት ይወሰድ። መኪናው ሬዲየሱ 31 ሜትር ገደማ የሆነን ኩርባ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲዞር የጎንዮሽ ፍጥንጥነቱ ከመሬት ስበት 0.4 እጥፍ ያህል ይሆናል። በዚህ ጊዜ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጨኛው የሚዛወረው ጭነት 1490 ኒውተን ያህል ነው። የስበት ማዕከሉ በ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ጭነቱ ወደ 1620 ኒውተን ያድጋል፤ ይህም የ9 በመቶ ጭማሪ ነው። መኪናውን በአንድ ጊዜ አይገለብጠውም፤ አሽከርካሪው ሳያውቀው የነበረውን መጠባበቂያ ግን ይቀንስበታል።

በሞላው መካከል የሚወተፈው ላስቲክ ሌላ መዘዝ አለው። የሞላ ጥንካሬ ከሚሠሩት ቀለበቶች ቁጥር ጋር በተቃራኒው ይለዋወጣል። ስድስት ከነበሩት አንዱ ከሥራ ውጭ ቢሆን ሞላው በ20 በመቶ ይጠነክራል። አሞርዛተሩ ግን የቀድሞው ነው፤ በመሆኑም የማብረድ ምጥኔው 9 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ቀድሞውኑ ዘይቱን ባፈሰሰ አሮጌ አሞርዛተር ላይ ይህ ሲጨመር ጎማው በተበላሸ መንገድ ላይ ይዘላል። በአየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይታዘዝም።

ስፔሰሩም ያለ ዋጋ አይመጣም። ታችኛው ክንድ ከነበረበት ይበልጥ ወደ ታች ያዘነብላል፤ የጎማው ዘንበልታና የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫ ይለወጣሉ። የፊት ጎማን የሚያዞረው ዘንግ መገጣጠሚያ ካልተሠራበት ማዕዘን በላይ ይሠራል፤ ጎማው ወደ ታች በሚንጠለጠልበት ጊዜም የፍሬን ቱቦው ሊወጠር ይችላል። አላይመንት ካልተከተለ ውጤቱ በመጀመሪያ የሚታየው በጎማው ጠርዝ አበላል ላይ ነው።

ቁልቁለቱ የሚጠይቀው

እነዚህ ለውጦች በከተማ ውስጥ በዝግታ ሲነዱ ላይታወቁ ይችላሉ። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው መንገድ ግን ሁለት ጉዳዮች ጎልተው ይወጣሉ።

የመጀመሪያው ፍሬን ነው። በአንዳንድ የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ላይ የኋላ ፍሬንን ኃይል እንደ ጭነቱ መጠን የሚመጥን ቫልቭ አለ። ቫልቩ ጭነቱን የሚያውቀው በሻንሲውና በኋላው አክስል መካከል ያለውን ርቀት በመለካት ነው። ርቀቱ ሲጠብ መኪናው ተጭኗል፣ ሲሰፋ ባዶ ነው ብሎ ይረዳል። ባሌስትራ ተደርቦ ኋላው ከፍ ያለ ሚኒባስ ታዲያ ሰው ሞልቶም ቢሆን ለቫልቩ ባዶ መስሎ ይታያል። ቫልቩ ካልተስተካከለ የኋላ ፍሬን ከሚገባው በታች ይሠራል፤ የቀረውን ሥራ የፊት ፍሬን ይሸከማል። በረጅም ቁልቁለት ይህ ትርፍ ሙቀት ማለት ነው፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል።

ሁለተኛው መብራት ነው። የፊትና የኋላ ጎማዎቹ 2.5 ሜትር የሚራራቁ መኪና ፊቱ ብቻ በ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢደረግ፣ ካልተስተካከለ በቀር ብርሃኑ በ50 ሜትር ርቀት ላይ ከነበረበት 1 ሜትር ወደ ላይ ይነሣል። በጣርማበር ጉም ውስጥ ይህ ከፊት ለሚመጣው አሽከርካሪ መታወር፣ ለባለቤቱም በጉሙ ላይ ተንጸባርቆ የሚመለስ ነጭ ግድግዳ ነው። መድኃኒቱ በጠፍጣፋ ቦታ ላይ ከግድግዳ ፊት የሚሠራ የጥቂት ደቂቃ ማስተካከል ነበር።

ለተቃውሞው የሚሰጥ መልስ

ልኬት የቅንጦት መሣሪያ ይጠይቃል፣ በትንሽ ጋራዥ አይቻልም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የአላይመንት ማሽን ውድ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የአራቱን ማዕዘን ከፍታ ለማወቅ ሜትር፣ የፊት ጎማዎቹን አቅጣጫ በግምት ለማየት የተወጠረ ሲባጎ፣ ብርሃኑን ለማስተካከል ግድግዳና ጠመኔ ይበቃሉ። መካኒኮቹም የጎደላቸው ጥበብ የለም፤ ከድምፅና ከንዝረት ብልሽት የሚለዩ፣ ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ጎሚኒና ቡሎን የሚሉ ከጣልያንኛ የተወረሱ ቃላትን ለትውልድ ያስተላለፉ ባለሙያዎች ናቸው። የጎደለው ያወቁት የሚሰፍርበት ወረቀት ነው። የተጻፈ ልኬት ደግሞ መካኒኩን ራሱን ይጠብቀዋል፤ አደጋ በደረሰ ጊዜ ሥራውን በምን ሁኔታ እንዳስረከበ ያሳይለታልና።

የተመራማሪው ድርሻ

በሰስፔንሽን ላይ የሚሠራ የማስተርስ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚመርጠው የሩብ መኪና ሞዴልን ነው። አንድ ጎማ፣ አንድ ሞላ፣ አንድ አሞርዛተርና ከእነርሱ በላይ ያለ ክብደት በኮምፒውተር ይመሰላሉ፤ የሞላው ጥንካሬ ከውጭ መጽሐፍ ይወሰዳል፤ ውጤቱም የምቾት ኩርባ ይሆናል። ሞዴሉ ለቀጥተኛ ንዝረት ጥሩ ነው። ኩርባ ላይ የሚዛወረውን ጭነት፣ የጎማውን አቅጣጫ፣ የፍሬኑን ቫልቭና የመብራቱን ማዕዘን ግን በተፈጥሮው ሊያይ አይችልም። እዚህ በተግባር የሚለወጡት ደግሞ በአብዛኛው እነዚህ ናቸው።

ስለዚህ ሦስት ሥራዎች ቅድሚያ ይገባቸዋል። አንደኛ፣ በደብረ ብርሃን ጋራዦች ከፍ የሚደረጉ መኪኖች ከለውጡ በፊትና በኋላ ይለኩ፤ የአራቱ ማዕዘን ከፍታ፣ የጎማ አቅጣጫ፣ የተጨመረው ዕቃ ውፍረትና ዓይነት ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ከመኪናው የወጣ ሞላ በቤተ ሙከራ ተጭኖ ጥንካሬው ላስቲክ ገብቶበትና ሳይገባበት ይነጻጸር፤ ለዚህ ክብደትና ሜትር ብቻ በቂ ነው። ሦስተኛ፣ ከዚህ መረጃ ተነሥቶ ለየመኪናው ዓይነት ስንት ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለ ሌላ ማስተካከያ መጨመር እንደሚቻል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ምን ምን አብሮ መለወጥ እንዳለበት የሚያሳይ አንድ ገጽ መመሪያ በአማርኛ ይዘጋጅ።

ገጹ ከተዘጋጀ በኋላ የሚሄድበት ቦታም አለ። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየጊዜው በቴክኒክ እንዲመረመር ሥርዓት ዘርግቷል። ባለቤቱ ቦሎ ለማሳደስ ሲቀርብ፣ ሰስፔንሽኑ ተለውጦ ከሆነ የጋራዡን የልኬት ወረቀት እንዲያያይዝ ማድረግ ከባድ ሸክም አይሆንም። መርማሪው ግን ቁጥሩን የሚያመዛዝንበት መለኪያ ያስፈልገዋል። መለኪያው ከጀርመን ወይም ከጃፓን ተገልብጦ አይመጣም፤ በእነዚያ አገሮች ጣርማበር የለም። ከዚሁ መንገድ፣ ከእነዚሁ መኪኖች ላይ መለካት አለበት፤ ለመጀመርም አንድ ሜትር፣ አንድ መዝገብና ወደ ጋራዥ የሚሄድ አንድ ተማሪ ይበቃሉ።