ከፊርማው በፊት እንማር

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለ ኢንተርኔት የሚወስነው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው አይሲቲ ክፍል ውስጥ አይደለም። የመንገድ ቁፋሮ ፈቃድ የሚሰጠው ኃላፊ ከአስፋልቱ ሥር ስላለፈው ፋይበር ሳይጠይቅ ከፈረመ፣ ኤክስካቫተሩ በገባ ማግስት ሰፈሩ ሁሉ "ኔትወርክ የለም" ይባላል። የግዥ ባለሙያው ለጨረታ የሚያወጣው የዕቃ ዝርዝር የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ ለብዙ ዓመት ያስረዋል። የሕግ ክፍሉ መመሪያ ሲያረቅ፣ የፋይናንስ ኃላፊው የጥገና በጀት ሲቀንስ፣ የፈተና ኮሚቴው "ለጥቂት ቀን ይዘጋ" የሚል ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ሁሉም ኢንተርኔትን እያስተዳደሩ ነው። ለዚህ ሥራ ግን ያሠለጠናቸው የለም።

ስለዚህ ይህ ጥሪ በወረዳ፣ በክልል ቢሮና በፌዴራል መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ላላችሁ ነው። ኢንተርኔት በምን ላይ እንደቆመና በእነማን እንደሚመራ የሚያስተምሩ ኮርሶች በነጻና በኦንላይን ለማንም ክፍት ሆነው ተቀምጠዋል። እነሱን መማር የግል ፍላጎት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ፣ እንደ ፋይናንስ ደንቡና እንደ ሥነ ምግባር መመሪያው የወንበሩ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

አንድ ደብዳቤ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ለማየት ከአዲስ አበባ መውጣት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2009 የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን፣ በ"ዶት አፍሪካ" የሚያልቁ የድረ ገጽ አድራሻዎች እንዲከፈቱ ለሚጥረውና በትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሶፊያ በቀለ ለሚመራው ዶትኮኔክት አፍሪካ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈ። በዓመቱ ድጋፉን አነሳ፤ ኋላም ለአንድ የደቡብ አፍሪካ ተቋም ሰጠ። የዓለምን የዶሜይን ስሞች የሚያስተባብረው አይካን ለአህጉር ስም ከአህጉሩ መንግሥታት ቢያንስ የ60 በመቶውን ድጋፍ ይጠይቃል። የትኛው ደብዳቤ እንደ ድጋፍ ይቆጠራል የሚለው ነገር ሙግት ሆነ። በኤፕሪል 2013 የአይካን የመንግሥታት አማካሪ ኮሚቴ የዶትኮኔክት አፍሪካን ማመልከቻ ተቃወመ። በ2015 ገለልተኛ የግምገማ ፓነል፣ አይካን የኮሚቴውን ምክር ሳይመረምር መቀበሉን ነቅፎ ለአመልካቹ ወሰነ። ነገሩ ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ስሙ ሥራ ላይ የዋለው በፌብሩዋሪ 2017 ነው። ማን እውነት ነበረው የሚለውን ለባለጉዳዮቹ እንተወው። ለእኛ የሚበቃን ትምህርት መንግሥታት የሚቀመጡበት ኮሚቴ መኖሩና እዚያ የሚነገር ቃል፣ ከዚህ የሚወጣ ደብዳቤም በዓለም ደረጃ የሚመዘን መሆኑ ነው። ደብዳቤውን የሚያረቅ ባለሙያ ሚዛኑን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ጎረቤታችን ኬንያም ሌላ ምሳሌ አላት። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ናይሮቢ ያሉ የኢንተርኔት ድርጅቶች ተሰባስበው የኢንተርኔት ኤክስቼንጅ አቋቋሙ። ያን ጊዜ ከአንድ የናይሮቢ ሕንጻ ወደ ጎረቤቱ ሕንጻ የሚላክ ኢሜይል በሳተላይት አውሮፓ ወይም አሜሪካ ደርሶ ይመለስ ነበር። ኤክስቼንጁ ያሰበው አገር ውስጥ ያለ መልእክት አገር ውስጥ እንዲለዋወጥ ብቻ ነው። የመንግሥቱ ቴሌኮም ድርጅት "ብቸኛ መብቴ ተነካ" ብሎ አቤት ሲል፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በሁለት ሳምንት ውስጥ አዘጋው። ኤክስቼንጅ ማለት ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ለማስረዳት ከአንድ ዓመት በላይ ወስዶ በፌብሩዋሪ 2002 እንደገና ተከፈተ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ ኢንተርኔት ሶሳይቲ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ጥናት፣ በአገር ውስጥ ልውውጥ ላይ የነበረው መዘግየት ከ200–600 ሚሊሰከንድ ወደ 2–10 ሚሊሰከንድ መውረዱን አሳየ። መጀመሪያ የዘጋውም ኋላ የፈቀደውም ያው መሥሪያ ቤት ነው። በመካከል የተጨመረው ዕውቀት ነበር።

እኛ ደግሞ ባሕር የሌለን አገር ነን። ወደ ዓለም የምንወጣው በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል በሚያልፍ ፋይበር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የባሕር ሥር ኬብል ነው። ደሴ ያለ ነዋሪ የክልሉን ቢሮ ድረ ገጽ ሲከፍት፣ ሰርቨሩ አውሮፓ ከሆነ ጥያቄው ባሕር ወርዶ፣ በቀይ ባሕር ሥር ተጉዞ፣ መልሱን ይዞ በዚያው ይመለሳል። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ በቀይ ባሕር ቢያንስ ሦስት ኬብሎች ተጎድተዋል፤ ተመትቶ ሲሰምጥ የነበረ የጭነት መርከብ መልሕቅ ሳይቆርጣቸው እንዳልቀረ ተዘግቧል። በዚያው ዓመት ግንቦት 4 በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የሚያልፉት ኢሲና ሲኮም የተባሉ ኬብሎች ተቆርጠው የአካባቢው አገሮች ኢንተርኔት ደከመ። ሰርቨሩ አገር ውስጥ ቢሆን ደሴና ባሕር ዳር ለመገናኘት የቀይ ባሕርን ሰላም ባልጠበቁ። ሰርቨሩ የት ይቀመጥ የሚለውን ውል የሚፈርመው ግን ኢንጅነር አይደለም፤ የቢሮ ኃላፊ ነው።

እስቲ አንድ የተለመደ የጨረታ ሰነድ ጠጋ ብለን እንመልከት። "ራውተር፣ ብዛት 2፤ ስዊች፣ ብዛት 6፤ የአንድ ዓመት ዋስትና" ይላል። የሶፍትዌር ማሻሻያው እስከ መቼ እንደሚቀርብ አይጠይቅም። አዲሱን የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት አይፒ ቪ6ን ይቀበል እንደሆነም አይጠይቅም። የድሮው አይፒ ቪ4 በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻ ብቻ ነው ያለው፤ ለአፍሪካ አድራሻ የሚያድለው አፍሪኒክም እ.ኤ.አ. ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ለአንድ ጠያቂ በአንድ ጊዜ ከ1,024 በላይ አይሰጥም። ይህን የማያውቅ ገዢ ሌላው ዓለም የሚያራግፈውን ዕቃ በውድ ዋጋ ይረከባል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለው ለዚህ ነው።

አፍሪኒክን ካነሳን ዘንድ፣ ሞሪሸስ ላይ የተቀመጠው ይህ ድርጅት ራሱ ከባድ ቀውስ ውስጥ ገብቶ ነበር። በሙግት ብዛት የሚሠራ ቦርድ አጥቶ፣ በ2023 የአገሩ ፍርድ ቤት ባለአደራ አስተዳዳሪ ሾመለት። በጁን 2025 የተደረገው ምርጫ ተሰርዞ አዲስ ቦርድ የተመረጠው በሴፕቴምበር ነው። መራጮቹ አድራሻ የወሰዱ አባል ተቋማት ናቸው። ከመሥሪያ ቤቶቻችን ስንቶቹ ይህን ተከታትለው ነበር? የአህጉሩ አድራሻ የሚታደልበት ድርጅት ዕጣ ሲወሰን የእኛም ጉዳይ እየተወሰነ ነው።

በየቢሮው የሚታይ ትንሽ ነገርም አለ። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ወጪ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ክብ ማህተም አርፎበታል፤ ከግርጌው ያለው የኢሜይል አድራሻ ግን ማንም በነጻ የሚከፍተው የጂሜይል አድራሻ ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አንድ ልጅ ነው። ልጁ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲለቅ የአምስት ዓመት ደብዳቤ አብሮት ይወጣል። ቢሮው በቴሌግራም ቻናል አዲስ አድራሻ ያስተዋውቃል፤ በማግስቱ በዚያው ስም አጭበርባሪ ሌላ ይከፍታል። ዜጋው የትኛው እውነተኛ እንደሆነ በምን ይለይ? "ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ" የሚለው የመንግሥት ዶሜይን የተፈጠረው ለዚህ ነው። አጠቃቀሙን፣ እድሳቱንና የቁልፉን አያያዝ ማወቅ የአንድ ሳምንት ትምህርት አይፈጅም።

ሕጎቻችንም ቀድመውን ሄደዋል። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሁሉም ጸድቀዋል። የሚፈጸሙት ግን ዳታ የት እንደሚያልፍና የት እንደሚያርፍ በሚያውቅ ሠራተኛ ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወጣ በኋላ በ2009 ዓ.ም. የፈተና ሰሞን ኢንተርኔት መዘጋቱ ይታወሳል። ዛሬ እንዲህ ያለ ሐሳብ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ፣ የባንክ ዝውውር፣ የጉምሩክ ሰነድ፣ የሆስፒታል መረጃ ምን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ፣ ፈተናውን በሌላ መንገድ መጠበቅ እንደሚቻል የሚያስረዳ ሰው ከስብሰባው አዳራሽ መጥፋት የለበትም። ከኅዳር 19 እስከ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. 17ኛውን ዓለም አቀፍ የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ አስተናግደናል። እንግዳ መቀበል እናውቅበታለን፤ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጦ መከራከር ደግሞ ዝግጅት ይፈልጋል።

ዝግጅቱ የት ይገኛል? ኢንተርኔት ሶሳይቲ፣ አይካንና አፍሪኒክ በየገጻቸው ነጻ ኮርሶች አሏቸው። የኢንተርኔት አስተዳደር መግቢያ፣ የዶሜይን ስም አሠራር፣ የአይፒ ቪ6 መሠረት ይማሩባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በማልታና በስዊዘርላንድ መንግሥታት የተቋቋመው ዲፕሎ ፋውንዴሽን ለዲፕሎማቶችና ለፖሊሲ ሰዎች በአስተማሪ የሚመራ ኮርስ ይሰጣል። እኛም ለኦንላይን ትምህርት እንግዳ አይደለንም፤ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ስልጠና በየቢሮው ደርሷል። እሱ ያተኮረው በፕሮግራሚንግ፣ በዳታ ሳይንስና በመሳሰሉት ላይ ነው። የኬብሉ፣ የአድራሻውና የአስተዳደሩ ትምህርት ከጎኑ ይቁም።

እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ "ስልጠና" ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ያለ ሆቴል፣ የሻይ እረፍትና የአበል ፊርማ ነው። ኦንላይን ስልጠና አበል የለውም። ስለዚህ "በትርፍ ሰዓታችሁ ጨርሱት" ተብሎ ለሠራተኛው የግል ዳታ ይተዋል። ሠራተኛውም ቪዲዮውን እየዘለለ፣ የፈተናውን መልስ ከባልደረባው ተቀብሎ፣ ሰርተፍኬቱን አትሞ ለሰው ሀብት ክፍል ያስገባል። ፋይሉ ይወፍራል፤ ጨረታው ግን በድሮው ዝርዝር ይወጣል።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ከእናንተ የሚጠበቀው በሳምንት ሁለት የሥራ ሰዓት ነው። በቢሮው መስመር፣ በቢሮው ኮምፒውተር፣ ከግዥም ከሕግም ከዕቅድም ክፍል የተውጣጡ ሰዎች አብረው ይማሩ። ውጤቱን በሰርተፍኬት አትለኩት። እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ የተሻሻለ ወረቀት ያምጣ፦ የግዥ ባለሙያው የታረመ የጨረታ ዝርዝር፣ የሕግ ባለሙያው የሰርቨር አቀማመጥን የሚመለከት የውል አንቀጽ፣ የአይሲቲው ሰው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ዶሜይኖች፣ የእድሳት ቀናቸውንና የቁልፋቸውን ያዥ የሚያሳይ ሰንጠረዥ። እናንተም ራሳችሁ ተማሩ፤ አለቃው ያልተማረውን ሠራተኛው አያከብረውም።

ሠራተኞች፣ ቀድማችሁ የተማራችሁትን ለጎረቤት ጠረጴዛ አካፍሉ። በስብሰባ ላይ ያልገባችሁን የቴክኒክ ቃል መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሳይገባ እጅ ማውጣት ነው ነውሩ።

ኮርሶቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው። የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲና ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎቻችን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በሌሎች የሥራ ቋንቋዎች ማስተማሪያ ጽሑፍ ቢያዘጋጁ፣ የወረዳ ሠራተኛው በቋንቋ ሳይቸገር ነገሩን ይይዛል። የዓለም ትልቁ የዳታ ሴንተር ክምችት ያለው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ በዚያው አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በዚህ ሙያ የተሰማራችሁ ወገኖች በወር አንድ ምሽት በቪዲዮ ተገናኝታችሁ የአንድ ቢሮ ሠልጣኞችን ጥያቄ ብትመልሱ፣ መጽሐፍ የማያስተምረውን ታስተምራላችሁ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንና የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ደግሞ የትኛው ኮርስ ለየትኛው የሥራ መደብ እንደሚያስፈልግ ቢለዩልን፣ ሰው ከሩቅ እየገመተ አይመርጥም።

የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት በየመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ ይዘጋጃል። ይህ ስልጠና ከሕንጻም ከመኪናም ጋር አይሻማም፤ የሚፈልገው በዕቅዱ ላይ አንድ መስመር ነው። ዕቅድ ለማዘጋጀት የምትቀመጡ ሁሉ ያችን መስመር ጨምሩ፤ ማን እንደሚማር ስሙን፣ መቼ እንደሚጨርስ ቀኑን፣ የትኛውን ሰነድ አሻሽሎ እንደሚያቀርብ ጻፉባት፤ በሩብ ዓመቱ ግምገማም ጠይቋት።