ክንፍ ብቻውን አገር አያደርስም

«አእዋፍ የሚሰደዱት በደመ ነፍስ ነው።» ይህችን ዐረፍተ ነገር ሁላችንም ሸምድደናታል፤ ፈተና ላይም ጽፈን ማርክ አግኝተንባታል። ነገ ደግሞ በተራችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ልንጽፋት ነው። ከመጻፋችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ እናንሣ። ተሰዳጅ ወፍ ተይዞ የሽቦ ቤት ውስጥ ቢቆለፍበት ያ ደመ ነፍስ ምን ይሆናል? ይሞታል ወይስ ይኖራል?

በእኛ አስተያየት ከፊሉ ይኖራል፣ ከፊሉ ይሞታል።

በመጀመሪያ የማይሞተውን እንይ። አውሮፓ ውስጥ ወፍ በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ያስተዋሉት ነገር አለ። በመስከረምና በጥቅምት፣ በዱር ያሉት ዘመዶቻቸው ወደ አፍሪካ ሲነሡ፣ የተዘጋባቸው ትንንሽ ወፎች እንቅልፍ ያጣሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘሉና ክንፋቸውን ሲያርገበግቡ ያድራሉ። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኤበርሃርድ ግቪነር እንዲህ ያሉ ወፎችን የቀኑ ርዝማኔ በማይለዋወጥበት ክፍል ለረጅም ጊዜ አኖራቸው። ወቅት የሚነግራቸው ምንም ነገር ሳይኖር፣ ዓመቱን በግምት እየጠበቁ ይረበሹ ነበር። አሜሪካዊው ስቲቨን ኤምለን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወፎችን እንደ ማንቆርቆሪያ አፉ በሰፋ የወረቀት ቤት አስገብቶ ከእግራቸው ሥር ቀለም አደረገ። በዘለሉ ቁጥር ወረቀቱ ላይ የተዉት ዱካ ሊሄዱበት የሚፈልጉትን አቅጣጫ አሳየ። እንግዲህ ቁልፍ ፍላጎቱን አይገድለውም። ብቻቸውን በሌሊት የሚጓዙ ትንንሽ ወፎችማ አቅጣጫውንም ጭምር ከወላጅ ይወርሱታል።

ታዲያ የሚሞተው ምንድን ነው? በመንጋ ለሚጓዙት፣ መንገዱ ነው።

ለዚህ ምስክር የምንጠራው ወፍ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። ጀርመኖች ዋልድራፕ ይሉታል። ላባው ጥቁር፣ ራሱ መላጣ፣ ምንቃሩ ረጅምና ቆልማማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሶርያ ውስጥ ፓልሚራ አጠገብ ጥቂቶች ተገኙ። በ2006 ሦስቱ ላይ የሳተላይት መሣሪያ ታስሮ ሲታይ፣ የብርዱን ወራት የሚያሳልፉት በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ኖሯል! ያ ትንሽ መንጋ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጠፋ። ቱርክ ውስጥ ቢሬጂክ ይኖር የነበረውም የዱር መንጋ አልቋል። እዚያ የቀሩት በሰው እጅ የሚረቡት ናቸው። በመራቢያቸው ጊዜ ይለቀቃሉ፤ የስደቱ ወራት ሲደርስ ግን ይቆለፍባቸዋል፤ የሄደ አይመለስማ።

በአውሮፓ መካነ አራዊትም ዋልድራፕ በደንብ ይራባል። «ታዲያ አሉ አይደል እንዴ፣ ምን ያሳስባል?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እኛ በዚህ አንስማማም። እዚያ የተፈለፈለ ጫጩት ቢለቀቅ ጊዜው ሲደርስ ተነሥቶ ይበራል፤ የት እንደሚደርስ ግን አያውቅም። ዋልድራፕ መንገድ የሚማረው ታላላቆቹን ተከትሎ ነው። ታላላቆቹ ደግሞ ራሳቸው ሄደውበት አያውቁም። አንድ ትውልድ ሲታሰር የብዙ ዘመን መንገድ ተቆረጠ ማለት ነው።

ኦስትሪያዊው ዮሐነስ ፍሪትስና ባልደረቦቹ ይህን ስለተረዱ አስተማሪ ሆኑ። ጫጩቶቹን ሰዎች እንደ እናት አሳደጓቸው፤ ከዚያም እጅግ ቀላል በሆነ አውሮፕላን እየመሩ እ.ኤ.አ. በ2004 የአልፕስን ተራራ አሻግረው ኢጣሊያ፣ ቶስካና አደረሷቸው። በ2011 አንዲት ወፍ በራሷ ክንፍ ወደ ጀርመን ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ታናናሾች ከታላላቅ ወፎች መማር ጀምረዋል። ይህ ሁሉ ድካም የመጣው ግን መንገዱ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ከመጥፋቱ በፊት መጠበቁ ይሻል ነበር።

ስለዚህ በየተመደብንበት ትምህርት ቤት ስንደርስ፣ ያችን የሸመደድናትን ዐረፍተ ነገር ጎደሎ አድርገን አንጻፋት። «ፍላጎቱ ከወላጅ ይወረሳል፤ መንገዱን ግን በመንጋ ከሚጓዙት ብዙዎቹ ይማሩታል» ብለን እንሙላት። ወፍ በክር አስሮ የሚጫወተውን ተማሪም ቆጥተን ብቻ አንለፈው፤ ያሰረው ወፍ ከየት እንደመጣና ወዴት ሊሄድ እንደነበር እንጠይቀው። የደጋችን ረግረግና ሜዳ የሩቅ አገር ወፎች የመንገድ መጨረሻ መሆኑን የሚያውቅ ልጅ፣ ወንጭፉን ከማንሣቱ በፊት ያስባል።