ጎረቤት ያላየው ሥዕል

ፈንድቃ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከካዛንቺስ ጋር አብሮ ሲፈርስ፣ እዚህ ደባርቅ ቁጭ ብለን ያዘንን ሰዎች ነበርን። አዲስ አበባ ለፈረሰ አዝማሪ ቤት የስሜን ሰው ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ያገባዋል እንጂ! የካዛንቺስን አዝማሪ ቤቶች ለዓመታት ካሞቁት ማሲንቆዎች ብዙዎቹ ከጎንደር አገር የሄዱ ናቸው። እኛ ዘንድ ሠርግና ክርስትና ላይ የምናውቀው አዝማሪ እዚያ በየምሽቱ መድረክ አግኝቶ ነበር።

የእኔ ሐዘን ግን ከአዝማሪውም ያለፈ ነው። መላኩ በላይ ፈንድቃን ያቆመው በሀብት አይደለም። ደሞዝ የሌለው ጨፋሪ ሆኖ፣ እንግዳ በሸለመው ገንዘብ እየኖረ፣ ሌሊት እዚያው ባንኮኒው ሥር እየተኛ ዓመታት ቆየ፤ ቤቱን ተረክቦ ማስተዳደር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ነው እኔን የሚገርመኝ። ከአዝማሪው ቤት ጎን ሥዕል ማሳያ ከፈተ። ግጥም ማንበቢያ፣ የጃዝ ምሽት፣ የውይይት ቦታ አደረገው። እስክስታ ሊያይ የመጣው ሰው በዚያው ሥዕል አይቶ ይወጣል፤ ሥዕል ሊያይ የመጣውን ደግሞ ማሲንቆ ይዞ ያስቀረዋል። ጋለሪ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ሰው በሩን ማን ያስረግጠው ነበር?

ከእሱ በፊትም ይህን ያወቁ ነበሩ። ቆንጂት ሥዩም አስኒ ጋለሪን እ.ኤ.አ. በ1996 አፍንጮ በር ባለ የድሮ የመኳንንት ቤት ስትከፍት፣ ሰው ሥዕሉን እያየ ሥጋ የሌለበት ምሳውንም እዚያው ይበላ ነበር። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች፣ ምሕረት ከበደን ጨምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ፈረንሳይ ለጋሲዮን መናፈሻ ውስጥ ነፃ የጥበብ መንደርን መሠረቱ፤ የተጣለ ብረትና ፕላስቲክ ሳይቀር ቅርጽ እየሆነ ዛፍ ሥር ይቆም ነበር። ምሕረት ኋላ ከጓደኞቿ ጋር ጦቢያ ግጥም በጃዝን ጀምራ ራስ ሆቴልን በየወሩ በሰው አስጨንቃለች። ትኬት ቆርጦ ግጥም ለመስማት የሚሰለፍ ሕዝብ አለ ቢባል ማን ያምን ነበር? አንዳቸውም የመንግሥት ሙዚየም አልነበሩም። ሰፈር ውስጥ የተከፈቱ፣ ጎረቤት ጫማውን ሳይቀይር የሚገባባቸው ቤቶች ነበሩ።

ወደ አገራችን ልመለስ። ስሜን ሥዕል የማያውቅ አገር አይደለም። ጃናሞራ የደረስጌ ማርያምን ግድግዳ ያየ ያውቀዋል። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ንግሥናቸውን አስበው ያሠሯት፣ ጀርመናዊው የዕጽዋት ተመራማሪ ሺምፐር በሥራዋ የተካፈለባት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በእግዜር ሥራ ይሁን በታሪክ ቀልድ፣ በ1847 ዓ.ም. የነገሡባት ውቤ ሳይሆኑ ያሸነፏቸው ቴዎድሮስ ሆኑ። ኤድዋርድ ዛንደር የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ሠዓሊም መጀመሪያ ውቤን፣ ኋላ ቴዎድሮስን አገልግሏል። ያኔ የደረስጌ ገበሬ ለቅዳሴ ሲመጣ ሥዕሉን ቀና ብሎ ያያል፤ መግቢያ አይከፍልም፣ አስጎብኚ አይጠይቅም። ሥዕሉ የተሣለው ለእሱ ነዋ።

ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። የስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ፣ ሳንቃ በር ላይ፣ መኪና ቆሞ እንግዳ ወርዶ ፎቶ በሚያነሣበት ጥግ፣ ልጆች የሱፍ ኮፍያና ሙዳይ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ባለፈው በጋ ከመካከላቸው አንዱ፣ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሥዕል ይሸጥ ነበር። የቢራ ካርቶን ቀድዶ፣ በውስጠኛው ገጽ ላይ በከሰልና በእስክሪብቶ የሣላቸው ጭላዳዎች ናቸው። ለጠጉሩ ቀለም አልፈለገም፤ የካርቶኑን ቡናማ እንዳለ ትቶታል። ደረቱ ላይ ያለችውን ቀይ ምልክት ግን በቀይ እስክሪብቶ ደጋግሞ ከመጫኑ የተነሣ ካርቶኑ ተልጧል። አንደኛው ጭላዳ ተቀምጦ ሣር ይነቅላል፤ ጣቶቹን ሳያቸው የሰው ጣት ናቸው፣ ያውም የሽማግሌ፣ ቋጠሮ ቋጠሮ የሆኑ። ቆሜ ቀረሁ።

«ሰፈርህ ያሉት ሰዎች ምን አሉህ?» አልኩት።

«ለነሱማ አላሳይም። ኧረ ጋሼ፣ እነሱ ምን ያደርግላቸዋል? ፈረንጅ ነው እሚገዛው።»

ልጁ አልተሳሳተም፤ ያሳደግነው እንዲህ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደባርቅ ዓይኗን የጣለችው በሚመጣው እንግዳ ላይ ነው። ሆቴላችን፣ በቅሏችን፣ ስካውታችን፣ ኮፍያችን ሁሉ ለመጪ ነው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፣ ብዙ ቤት እንጀራ በልቶበታል። ነገር ግን ኮሮና መጣ፣ ጦርነት ተከተለ፣ እንግዳው ቀረ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ገብቶ የቀበርነውን ቀበርን። እንግዳው ሲቀር ሥዕሉም አብሮ ይቅር? ለጎረቤት የማይታይ ሥዕል የሚኖረው አውቶቡስ እስኪያልፍ ድረስ ብቻ ነው።

ስለዚህ ደባርቅ ጋለሪ ይኑራት እላለሁ። «ጋለሪ» ስል ሕንፃ ይሠራ፣ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጥ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የመሠረት ድንጋይ በየቦታው አለን፣ ብዙዎቹ ላይ ፍየል ይቆምባቸዋል። እንግዳ የራቃቸው ሆቴሎች አዳራሾቻቸው ወንበር ተደራርቦባቸው ተቀምጠዋል። አንዱን ለአንድ ቀን መለመን ነው። ወንበር ካነሰ እድር አለ፤ እድሩ ለለቅሶ የሚያወጣውን አግዳሚ ለአንድ ደስታ ቢያውስ ደንቡ አይፈርስም። ከአዲስ አበባዎቹ ግን አንድ ነገር አንቀዳም፤ ምሽቱን። ደባርቅ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ጋቢ ለብሶ ሥዕል የሚዞር የለም። ቀኑ የገበያ ቀን፣ ሰዓቱ ገበያ ሲበተን መሆን አለበት። ከገጠር የወጣው ሰው ጨውና ጋዙን ሸክፎ፣ አህያውን ደጅ አስሮ፣ ወደ ቤት ከመመለሱ በፊት ገባ ብሎ የሚያየው ነገር ይሁን። ወሩም ከጥምቀት በኋላ፤ ገብሱ ገብቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ አዝማሪውም ሠርግ ፍለጋ ከየአገሩ ወጥቷል።

መጀመሪያ ምን ይሰቀል? እኔን ብትጠይቁኝ ግጭ። የግጭ ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ የሰፈሩ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ሁላችንም አጨብጭበናል፤ እነሱ ግን የተዉትን ቤት፣ ምንጩን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል እስካሁን በአፋቸው ብቻ ነው የያዙት። ልጆቻቸው ደባርቅ ሲያድጉ ግጭን አያውቁትም። እናቶች እየተናገሩ፣ ያ የካርቶን ሠዓሊና መሰሎቹ እየሣሉ፣ አዝማሪው ደግሞ በሰማው ላይ ስንኝ እየቋጠረ ቢውሉ፣ ከዚያ የሚወጣው ሥዕል ዋሊያና ጭላዳ ብቻ አይሆንም። መነሣታቸው ልክ ነበር አልነበረም የሚል ክርክር ይነሣል፣ እናውቃለን። ይነሣ። ሰፈር ውስጥ መነጋገር ካልተቻለ የት ሊቻል ነው?

አንድ ፍርሃት ግን አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ትንሽ ስም ሲያወጣ ባነር ይታተምለታል፣ የክብር እንግዳ ይጠራለታል፣ የመክፈቻ ንግግር፣ የመልእክት ንግግር፣ የምስጋና ንግግር ይከተላል፤ ንግግሩ ሲያበቃ ሰው ለምሳ ይነሣል፣ ሥዕሉ ከጀርባው ይቀራል። በሕይወቴ ብዙ እንዲህ ያለ «የባህል ቀን» ተቀምጬ አይቻለሁ፣ ስለ አንድም ሥዕል ሲወራ አልሰማሁም። ዩኒቨርሲቲያችንም ቢሆን ተማሪዎቹን ይላክልን፣ ፕሮቶኮሉን እዚያው ያስቀር። ፈንድቃን ያቆመው የማን ንግግር ነበር?

በእርግጥ ፈንድቃን ያስነሣው መሬቱ ነው፤ የሰፈር ጋለሪ ሁሌም በሰው ግቢ ያለ እንግዳ ነው። እኛ ግን የምናጣው ግቢ ገና የለንም። አንድ የሆቴል ባለቤት ይህን ሐሳብ ሳጫውታቸው ዝም ብለው ሰምተውኝ «ግድግዳዬን በምስማር ወጋግታችሁ፣ አህያ ደጄ አስራችሁ፣ እኔ ምን ላተርፍ ነው?» አሉኝ። ቡናውንና ሻዩን እርስዎ ይሸጣሉ አልኳቸው። በምስማር ፈንታ ገመድ እንወጥራለን፣ ካርቶን ስለሆነ በልብስ መቆንጠጫ ይያዛል። ስለ አህያው ገና አልተስማማንም።