ለዓምዱ ቦታ ተገኘ፣ ለእኛስ?

ማዳሞች «ክላሲክ» የሚሉትን ቤት የማታውቁ ጥቂት ናችሁ። እዚህ ቤይሩት ሕንፃው አዲስ፣ ሊፍቱ አዲስ፣ ሳሎኑ ሲገባ ግን የጥንት ሮም ይመስላል፤ ግራና ቀኝ ዓምድ፣ ጣሪያው ዙሪያውን የጅብሰም ቅርጽ፣ በሩ ላይ ቅስት፣ ወለሉ እብነ በረድ፣ መሐል ላይ ያ መከረኛ ትሬያ። እኔ እንዲህ ባሉ ሦስት ቤቶች ሠርቻለሁ። ያምራሉ፣ አያምሩም ብዬ አልዋሽም። ግን እነዚህን ቤቶች ከባለቤቶቹ ይልቅ በእጃችን የምናውቃቸው እኛ ነን፤ ስለዚህ እኔም የምለው አለኝ።

ዓምዱን በጣታችሁ መታ መታ አድርጉት። አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ባዶ ነው። በዓልቤክ የሄዳችሁ አይታችኋል፤ የጁፒተር ቤተ መቅደስ ስድስት ዓምዶች እስከ ዛሬ ቆመዋል፣ ቁመታቸው 20 ሜትር ገደማ ነው፣ አናታቸው ላይ ያለውን ከባድ ድንጋይ አሁንም ተሸክመዋል። የሳሎኑ ዓምድ የሚሸከመው አቧራ ብቻ ነው። አቧራውን ማን እንደሚያነሳው ታውቃላችሁ።

አናቱ ላይ የተጠቀለለው ቅጠል አካንቱስ ይባላል፣ የአገራችን ኮሸሽላ ዘመዱ ነው። ያ እሾሃሙን ማለቴ ነው። እንዴት እዚያ ላይ እንደወጣ ቪትሩቪየስ የተባለ የሮም አርክቴክት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል። በቆሮንቶስ ከተማ አንዲት ልጃገረድ ሞተች። ሞግዚቷ ልጅቷ ትወዳቸው የነበሩትን ዕቃዎች ለቅማ፣ በቅርጫት አድርጋ መቃብሯ ላይ አስቀመጠች፤ ቶሎ እንዳይበላሹም በጣራ ሸክላ ከደነቻቸው። ቅርጫቱ ያረፈው የአካንቱስ ሥር ላይ ነበርና በጸደይ ቅጠሉ ወጥቶ ቅርጫቱን አቀፈው፣ ሸክላው ጋ ሲደርስ ተጠቀለለ። ካሊማኩስ የሚባል ቀራጺ ሲያልፍ አየውና ዓምድ ላይ ቀረጸው።

ተረት ሊሆን ይችላል። ግን ልብ በሉ፤ የቀራጺው ስም ተጽፏል፣ የሞግዚቷ አልተጻፈም። የሰው ልጅ አሳድጋ፣ ስትሞትባት ዕቃዋን የሰበሰበች ሴት ናት እኮ! እኔ ያንን ቅጠል በብሩሽ ስጠርግ የማስበው እሷን ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። በዚሁ ቤት «የሠራተኛ ክፍል» የሚባለው ከኩሽናው ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ነው። ፍራሽ ሲገባበት በሩ አይዘጋም፣ ብዙ ጊዜ መስኮትም የለውም። አንዳንዷ እሱንም አጥታ ሳሎን ወይም በረንዳ ላይ ታድራለች። ስንጠይቅ «ቦታ የለም» ይሉናል። ምንም ለማይሸከም ዓምድ ቦታ ተገኝቶ ቤቱን ለተሸከመች ሰው ቦታ የለም የሚለው ነገር አይገባኝም። አንዳንድ እህቶች «ዋናው ደሞዙ ነው፣ መኝታው ያልፋል» ይላሉ። እረዳቸዋለሁ፣ አገር ቤት እጃቸውን የሚጠብቅ አለ። ግን የማይቆለፍ በር የእንቅልፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 201 አሠሪው ቤት የምታድር ሠራተኛ የግል ክፍል ሊኖራት ይገባል ይላል፤ አየር የሚገባው፣ የሚቆለፍ፣ ቁልፉም ለራሷ የሚሰጣት። ሊባኖስ በዚያው ዓመት የወጣውን ስምምነት ቁጥር 189 አላጸደቀችም፣ የ1946ቱ የሥራ ሕግ አንቀጽ 7ም እኛን ከሕጉ ያስወጣናል። ስለዚህ ፖሊስ ጠርተን የምናስከብረው ነገር አይደለም። መጠየቅ ግን ይቻላል፤ በተለይ ኮንትራት ሲታደስ ወይም አዲስ ቤት ስትገቡ፣ ያን ጊዜ ማዳሟም እናንተን ትፈልጋለች። ስለ ደሞዝ ከማውራታችሁ በፊት «የምተኛበትን አሳዩኝ» በሉ። ቁልፉ ማን ጋ እንደሚሆን ጠይቁ። ትሬያውንና የጣሪያውን ቅርጽ ማን እንደሚያጸዳም እዚያው ይነገር። እኔ ሦስተኛው ቤት ስገባ «መሰላል የሚይዝልኝ ሰው ከሌለ አልወጣም» አልኩ። ማዳም ሁለት ቀን አኮረፈች፤ ከዚያ ለላይኛው ሥራ በዓመት ሁለቴ የጽዳት ሰዎች መጥራት ጀመረች።

እብነ በረዱን ሎሚም አቼቶም አያስነኩት፣ አሲድ ይበላዋል፤ ነጭ ምልክቱ ሲወጣ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። በረኪናን ደግሞ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ የእኛ መታጠቢያ ቤት ደግሞ መስኮት የለውም።