የፊደል መጠንና የአንባቢ ምርጫ

ከጅቡቲ ወደብ ጭነት ለማንሣት የሚመጣ ኢትዮጵያዊ ሾፌር መኪናውን በከተማው ዳርቻ በፒኬ 12 አቁሞ ተራውን ሲጠባበቅ ብዙ ሰዓት ያልፈዋል። በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። ይህን ጊዜ በንባብ ለማሳለፍ ለሚሻ ሰው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ የሚስማማ መሣሪያ ነው። ገጹ እንደ ወረቀት የውጭውን ብርሃን ስለሚመልስ ጠራራ ፀሐይ አያደበዝዘውም፤ ኃይል የሚፈጀውም በአብዛኛው ገጽ ሲገለጥ በመሆኑ አንድ ጊዜ ከተሞላ ለሳምንታት ያገለግላል።

ስለ መሣሪያው ምርጫ ሲነሣ አንዱ የሌሊት መብራቱን፣ ሌላው ቅለቱን ያስቀድማል። ለአማርኛ አንባቢ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ፊደልን እንደ ዓይን አቅም ማተለቅ መቻሉ ነው። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው አንዲት ጭረት የምትቀመጥበት ቦታ ብቻ ነውና።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በአማርኛ ከሚገኙት የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ብዙዎቹ የታተመው ገጽ ፎቶግራፎች ናቸው። ፊደሉ ሲተልቅ መስመሩ ታጥፎ ወደ ታች አይወርድም፤ ገጹ ከነኅዳጉ ይሰፋና አንባቢው አንዱን መስመር ለመጨረስ በጣቱ ወዲያና ወዲህ ለመጎተት ይገደዳል። ይህም ከአሥር ገጽ በኋላ የሚያታክት ሥራ ነው! ውድ መሣሪያ የገዛም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ ምርጫውን የሚነፍገው የመጽሐፉ አዘገጃጀት እንጂ መሣሪያው አይደለምና።

ለዚህም የዘዴ እጥረት ምክንያት ሊሆን አይችልም። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999፣ ይኸውም ኪንድል የተባለው ማንበቢያ ለገበያ ከመዋሉ 8 ዓመት አስቀድሞ ነበር። የቀድሞዎቹን መጻሕፍት እንደገና መተየብ በርግጥ ድካም አለው። አዲሶቹን ግን አሳታሚዎች ለማተሚያ ቤት በሚልኩት በዚያው የኮምፒዩተር ጽሑፍ አዘጋጅተው ቢሸጡ፣ ሾፌሩ እንደ ዓይኑ የሚያነበው መጽሐፍ፣ ደራሲውም ከፎቶግራፉ ያላገኘው ዋጋ በኖራቸው ነበር።