ፉል ኦፕሽን ለማን? የፒክአፕ ደረጃና የዳግም ሽያጭ ዋጋ በጅግጅጋና በሰሜናዊው የሶማሌ ክልል ከተሞች

ባገለገለ ፒክአፕ ግብይት ውስጥ ከሻጭና ከደላላ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል «ፉል ኦፕሽን» ነው። ቃሉ በአንድ ትንፋሽ ብዙ ነገር ይጠቀልላል፦ የቆዳ መቀመጫ፣ የአሉሚኒየም ቸርኬ፣ ባለ ስክሪን ቴፕ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ የሚያብረቀርቅ ግንባር። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግልጽ ነው። በጅግጅጋና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ለዚህ ጥቅል የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ መኪናው ዳግም ሲሸጥ ከሞላ ጎደል አይመለስም፤ የሚመለሰው ለሞተሩ፣ ለባሌስትራውና ለሊብሬው የተከፈለው ነው። መኪና የሚገምቱ ባንኮች፣ መድን ሰጪዎችና የጨረታ ኮሚቴዎች ይህን ልዩነት በግምት ሰነዳቸው ላይ ሊያስገቡት ይገባል።

የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ሸርዊን ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት የአንድ ዕቃ ዋጋ የባሕርያቱ ዋጋ ድምር ሆኖ ሊተነተን እንደሚችል አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የተሽከርካሪ ዋጋ ጥናቶች ዕድሜን፣ የተጓዘውን ኪሎ ሜትር፣ የሞተር ጉልበትንና የደረጃ ስምን እየደረደሩ እያንዳንዱን ይተምናሉ። ስልቱ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የአንድ ባሕርይ ዋጋ ከአገልግሎቱ ቦታ ተነጥሎ አይቆምም፤ አዲስ አበባ ላይ የተተመነ የቆዳ መቀመጫ ሐርሺን ሲደርስ ሌላ ዕቃ ነው።

ጅግጅጋ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። በምዕራብ የካራማርዳ ተራራ፣ ከዚያ ማዶ ሐረር፤ በምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የድንበሯ ከተማ ቶጎ ውጫሌ ትገኛለች። በዚህ አስፋልት ብቻ ለሚመላለስ ሰው ማንኛውም ደረጃ ይበቃዋል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቀብሪበያህና አውበሬ ገጠሮች ወይም ወደ ሐርሺን ቢርካዎች ለሚገባ ግን ጥያቄው ይለወጣል። ቢርካ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት የሲሚንቶ ጉድጓድ ነው፤ የዲራ ዝናብ ከቀረና ከረንም ከዘገየ ውኃው በመኪና መመላለስ ይጀምራል። 1,000 ሊትር ውኃ አንድ ቶን ይመዝናል። ይህ ለአብዛኛው ደብል ጋቢና ፒክአፕ የአቅም ጣሪያ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ለቶዮታ ሃይሉክስ ስምንተኛ ትውልድ የነጠላ ጋቢናው የጭነት ስፍራ ርዝመት ወደ 2.3 ሜትር ሲሆን የደብል ጋቢናው ከ1.5 ሜትር ብዙም አያልፍም። ፍየልና በግ ወደ ገበያ ለሚያወርድ ነጋዴ ይህ የ80 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ከማንኛውም ስክሪን ይበልጣል።

ሞተሩም እንዲሁ ነው። በክልሉ ለረጅም ዘመን ከሠሩት መኪኖች መካከል ተርቦ የሌለው ባለ 3.0 ሊትር ናፍጣ ሃይሉክስና 4.2 ሊትር የሆነውን 1ኤችዜድ ሞተር የተሸከመው የላንድክሩዘር ፒክአፕ ይገኙበታል። ሁለቱም በፍጥነት አይመኩም። አዲሶቹ የጂዲ ሞተሮች፣ ባለ 2.4 እና ባለ 2.8 ሊትር፣ ጉልበታቸው የላቀና ነዳጅ ቆጣቢ ናቸው፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው የነዳጅ ፓምፓቸውና ኢንጀክተራቸው ግን ንጹሕ ነዳጅ ይፈልጋሉ። ማደያ በራቀበት ስፍራ ናፍጣ በበርሜልና በጀሪካን ይሸጣል፤ ውኃና አቧራም አብሮት ይገባል። አሮጌው ሞተር ይህን ታግሶ ይሄዳል፣ አዲሱ ጋራዥ ይገባል። ከዚህ የተነሣ በሞዴል ዓመት አሮጌ የሆነው መኪና በገጠር ገዢ ዓይን «ዝቅተኛ» ላይባል ይችላል።

የመለዋወጫ ነገር ከዚህ ይበልጥ ልዩ ነው፤ ከመሐል አገር የሚመጡ ጥናቶችም የሚዘልሉት ነጥብ ነው። ከቶጎ ውጫሌ ማዶ ባለው የሶማሌላንድ ገበያ የሚነዱት መኪኖች አብዛኞቹ ከጃፓን የመጡ፣ መሪያቸው በቀኝ የሆነ ቶዮታዎች ናቸው። ትራፊኩ በሁለቱም ወገን በቀኝ የሚሄድ መሆኑ ነገሩን ለተመልካች ያስገርማል። ከዚያ ገበያ የሚገኝ የባሌስትራ ቅጠል፣ የፍሬን ሸራ ወይም የዲፈረንሻል ጥርስ ከተመሳሳይ ሞዴል ከሆነ መሪው በግራ ለሆነው የኢትዮጵያ መኪናም ይሠራል። ዳሽቦርድ፣ የመሪ ሳጥንና በእነዚህ ላይ የተሰካ ኤሌክትሮኒክስ ግን አይገጥምም። ስለዚህ የድንበሩ ገበያ ለፒክአፕ ደጋፊ የሚሆነው ለሜካኒካል ክፍሉ ነው፤ ለደረጃው መለያ ለሆኑት ክፍሎች ባለቤቱ አዲስ አበባን ወይም ዱባይን መጠበቅ አለበት። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠበቀው ዕቃ ይበዛል።

ገዢዎቹ አንድ ወገን አይደሉም። የረድኤት ድርጅቶች የመጀመሪያዎቹ ናቸው። የሶማሊያ መንግሥት ከፈረሰበት ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀብሪበያህ፣ ኋላም በ2007 በአውበሬ፣ በ2008 በሸደር የተከፈቱት የስደተኛ ጣቢያዎች ለአካባቢው ነጭ፣ ቀላልና በአገልግሎት መዝገብ የተደገፉ መኪኖችን አምጥተዋል። እንደ ቶዮታ ጅብራልታር ያሉ ለረድኤት ሥራ ብቻ የሚያቀርቡ ድርጅቶች ሆን ብለው የሚሸጡት ደረጃው ዝቅ ያለውን፣ አካሉ የጠነከረውን ነው። እነዚህ መኪኖች በጨረታ ሲወጡ የሚሻሙባቸው የከብት ነጋዴዎች የሚከፍሉት ለዚሁ ቀላልነትና ለመዝገቡ ነው። የጫት ነጋዴ ሌላ ሚዛን አለው፤ ከአወዳይ ተቆርጦ በጅግጅጋ በኩል ወደ ሐርጌሳ የሚጓዝ ጫት በሰዓታት ውስጥ ዋጋው ይወርዳልና ጉልበትና ፍጥነት ይገዛል፣ መቀመጫው የቆዳ ይሁን የሸራ ግድ የለውም። ፉል ኦፕሽን በእርግጥ የሚፈልገው አራተኛው ወገን ነው፦ የከተማ ባለሀብት፣ ከውጭ የተመለሰ ዳያስፖራ፣ የቢሮ ኃላፊ። ይህ ወገን ግን በአብዛኛው አዲስ ገዢ እንጂ አሮጌ ገዢ አይደለም። ከፍተኛ ደረጃ ያለው ፒክአፕ በዳግም ሽያጭ የሚጎዳበት ዋና ምክንያትም ይህ ነው፤ የሚሸጥለት ሰው ከገዛው ሰው ጋር አንድ ዓይነት አይደለም።

ከመኪናው አካል ይልቅ ወረቀቱ የሚወስንበት ጊዜም ብዙ ነው። በኢንቨስትመንት ማበረታቻ ከቀረጥ ነፃ የገባ ፒክአፕ ቀረጡ ሳይከፈል መብቱ ለሌለው ሰው ሊዛወር አይችልም። ኮድ 3 የሆነው የንግድ ሰሌዳና ኮድ 2 የሆነው የግል ሰሌዳ የተለያየ ግዴታ ይከተላቸዋል። የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልተስማማ ቦሎ የለም፤ ቦሎ ከሌለ ደግሞ መኪናው ከከተማ ወጥቶ ኬላ አያልፍም። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው ዝነኛ ትንታኔ እዚህ ላይ ይሠራል፦ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ጥሩው መኪና በመጥፎው ዋጋ ይሸጣል። ጅግጅጋ ለዚህ የራሷ መፍትሔ አላት። በሶማልኛ «ዲላል» የሚባለው አገናኝ፣ ከአማርኛው «ደላላ» ጋር ሥሩ አንድ የሆነው፣ በከብት ገበያ እንደለመደው በመኪናም ሻጩን ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል። የዲላሉ ቃል ዋጋ ያለው በሚታወቅበት ክበብ ውስጥ ብቻ መሆኑ ግን አይዘነጋም። ባንክ በቃል አያበድርም።

ተቃራኒው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ከፍተኛ ደረጃ ማለት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የአየር ከረጢት፣ የፍሬን መቆጣጠሪያ፣ የኋላ ዲፈረንሻል መቆለፊያም በዚያው ጥቅል ይመጣሉ። ይህ እውነት ነው። በካራማርዳ ቁልቁለት ወይም በአሸዋ ላይ ሕይወት የሚያድኑት እነዚህ ናቸው። ይሁን እንጂ «ፉል ኦፕሽን» የሚለው ቃል ለደኅንነት ማረጋገጫ አይሆንም። ግሎባል ኤንካፕ እ.ኤ.አ. በ2018 በደቡብ አፍሪካ ይሸጥ የነበረውን ኒሳን ኤንፒ300 ሃርድቦዲ ፒክአፕ በግጭት ፈትኖ ለአዋቂ ተሳፋሪ ጥበቃ ዜሮ ኮከብ ሰጥቶታል፤ መኪናው የአየር ከረጢት ነበረው። ስለዚህ ደረጃውን መካድ ሳይሆን መበተን ያስፈልጋል፦ የሚሠራው ለብቻ፣ የሚያምረው ለብቻ።

ጉዳዩ ዛሬ የሚያሳስበው የዋጋ ስሕተት ውድ በመሆኑ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከዕድሜያቸው ጋር የሚያድግ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር ከዶላር አንጻር በእጅጉ ወረደ። የእነዚህ ድምር አገር ውስጥ ያለውን ናፍጣ ፒክአፕ ወደ ተቀማጭ ሀብት ለውጦታል። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ የከሸፉበት ድርቅ ከብቱን ከፈጀ በኋላ መኪና ላለው ቤተሰብ ከከብት ውጭ ያለው ትልቁ ንብረት መኪናው ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት አለ። በሙራባሃ ውል ባንኩ መኪናውን ራሱ ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ለደንበኛው በክፍያ ይሸጣል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ጅግጅጋ የሆነው ሸበሌ ባንክ በዚህ መርሕ የሚሠራ ነው። እንዲህ ባለ ውል የመነሻ ግምቱ ለጌጥ ከፍ ካለ ትርፉም በዚያው ላይ ይታሰባል፤ ደንበኛው ክፍያውን ሳይጨርስ መኪናውን ለመሸጥ ቢገደድ ልዩነቱን የሚሸከመው እርሱ ነው። የመንግሥት ቢሮም ለወረዳ ሥራ ከፍተኛ ደረጃ ሲገዛ ያንኑ ስሕተት በሕዝብ ገንዘብ ይፈጽማል።

መነሻው ቀላል ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የረድኤት ድርጅቶች ያገለገሉ መኪኖችን በጨረታ ሲሸጡ አሸናፊውን ዋጋ ከመኪናው ደረጃ፣ ከሞተሩ ዓይነትና ከሊብሬው ሁኔታ ጋር በይፋ ቢያሳውቁ፣ ክልሉ ጥቂት ዓመታት ሳይሞላው የራሱን የዋጋ መዝገብ ያገኛል። የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች የሮዘንን ስልት ለመተግበር የሚያስፈልጋቸው ይህ ነው። የግምት ቅጹም «ደረጃ» የሚለውን አንድ ረድፍ ለሦስት ይክፈለው፦ ጭነትና መንገድ የሚችለው፣ ሕይወት የሚጠብቀው፣ ከዚህ ውጭ ያለው። ለሦስተኛው ረድፍ ከአስፋልት ውጭ ለሚሠራ መኪና የሚሰጠው ዋጋ ለዜሮ የቀረበ ይሁን።