ትምህርቱ ከደጃፍ ሲጀምር

የዚህ እትም ዋና ጉዳይ የኅብረተሰብ ትምህርት ነው። በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ከ5ኛ ክፍል ይጀምር የነበረው ይህ ትምህርት፣ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ራሱን ችሎ የሚሰጠው በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በፊት ይዘቱ በአካባቢ ሳይንስ ውስጥ ተካቷል። ማጣመሩን እደግፋለሁ። የትምህርት ፈላስፋው ጆን ዱዊ ከመቶ ዓመት በፊት እንደሞገተው፣ ልጅ የሚማረው ከሚኖረው ሕይወት ተነስቶ ነው። የጎንደር ተማሪ የፋሲል ግቢን ግንብ በእጁ ዳስሶ “ድንጋዩን በኖራ ማን አያያዘው? በግንበኝነታቸው የሚታወቁት ቤተ እስራኤሎች ድርሻቸው ምን ነበር? ዛሬስ የት አሉ?” ብሎ ሲጠይቅ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚ ባንድ ጊዜ ይገናኛሉ። የደባርቅ ልጅም ስለ አፈር መሸርሸር ለመማር ከስሜን ተራሮች የተሻለ መጽሐፍ አያገኝም።

የሚያሳስበኝ መምህሩ ነው። እንዲህ ለማስተማር ጊዜና ሥልጠና ይፈልጋል፤ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ግን ሽምደዳን የሚሸልም ከሆነ ማንም ተማሪዎቹን ይዞ ከክፍል አይወጣም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን፣ በአማራ፣ በርካታ ትምህርት ቤቶች በትጥቅ ግጭት ምክንያት ተዘግተዋል። ስለዚህ በዚህ እትም ከንድፈ ሐሳቡ ይልቅ ለመምህራን ድምፅ ሰፊ ቦታ ሰጥተናል። በቀጣዩ እትም እንድናካትተው፣ በክፍላችሁ የሞከራችሁትን ጻፉልን።